ፒራኛው በፍልሰታ

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 14 ቀን 1976

እኔ ሙሉወርቅ መርሻ፣ ዕድሜ አሥራ አምስት፣ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ውጤት ጠባቂ፣ የጂንካ ከተማ ነዋሪ፣ በማንም ሳልገደድ የሚከተለውን ግለ ሂስ አቀርባለሁ። ዛሬ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ የአባቴን ቀይና ሰማያዊ እርሳስ ከቦርሳው አውጥቼ፣ ይነክሳል ወይስ አይነክስም የሚለውን ጥያቄ በሳይንሳዊ መንገድ ለመመለስ ስል ዓሣው ያለበት ውኃ ውስጥ ከትቻለሁ። ይነክሳል። ቀዩ ወገን የለም። ሰማያዊውን መልሼ ቦርሳው ውስጥ አስቀምጫለሁ። ጥፋቴን አምኜ ለወደፊቱ በራሴ እርሳስ ለመመራመር ቃል እገባለሁ።

ይህ ደብተር የመንግሥት ነው። ከፊት በኩል የዓሣው መዝገብ ነው፤ አባዬ በዚያ በሚያምር የቢሮ ጽሕፈቱ «ቀን፣ ምግብ፣ መጠን፣ ምስክር» ብሎ በማስመሪያ አስምሮታል። እኔ ደብተሩን ገልብጬ ከኋላ እጽፋለሁ። አባዬ የተጻፈ ገጽ እንጂ ባዶ ገጽ አያገላብጥም።

ዓሣው እንዴት እንደመጣ ልጻፍ። መስከረም 2 ለሚከበረው አሥረኛ የአብዮት በዓል የአውራጃው የተፈጥሮ ሀብት ኤግዚቢሽን ይታያል። የኮሚቴው ሰብሳቢ ጓድ ደምሰው ነው። ኩባ ስድስት ወር ተምሮ መጥቷል፤ ስድስቱን ወር ሲያወራልን ሁለት ዓመት አለፈ። ባለፈው ሳምንት ለስብሰባ ኦሞራቴ ወርዶ፣ ከኦሞ የወጣ ጥርሳም ዓሣ አየ። አፉን ቢዘጋም ጥርሱ ከውጭ የሚቀር ዓይነት ነው። «ይኼ ፒራኛ ነው» አለ።

ፒራኛ ደቡብ አሜሪካ ያለ ዓሣ ነው አሉ፤ በሬ ወንዝ ሲሻገር አጥንቱን ብቻ ያሻግሩታል። አባዬ የእንስሳት ክፍል መዝገብ ያዥ ስለሆነ አብሮ ሄዶ ነበርና ቀስ ብሎ፣ «ጓድ፣ ይሄ እንኳ የኛው የኦሞ ዓሣ ነው፤ ፒራኛ የሚባለው...» ሲል፣ ጓድ ደምሰው «ጓድ መርሻ፣ እኛ ከማን እናንሳለን?» አለው። ስለዚህ ፒራኛ ሆነ። ሦስት በበርሜል ተጭነው አንድ ደረሰ። የሁለቱ ጉዳይ በሆዱ ውስጥ ነው።

እንስሳ ነው፣ የእንስሳት ክፍል ይረከብ ተባለ። የእንስሳት ክፍል ማለት አባዬ ነው። ቢሮው ደግሞ ያፈሳል። ስለዚህ ሳሎናችን ገባ።


ማክሰኞ፣ ሐምሌ 17

ጓድ ደምሰው «አኳሪየሙ» ይለዋል፤ እማዬ «ሳጥኑ» ትለዋለች። ከተዘጋው ፋርማሲ መደርደሪያ በወጣ መስታወት ተሠርቶ ማዕዘኑ በስቱኮ ተደፍኗል፣ በላዩ ሬንጅ ተቀብቷል። ሁለት የተማሪ ዴስክ ላይ ተቀምጦ ግማሹን ሳሎን ይዟል። ሬዲዮኑ መኝታ ቤት ተሰደደ። ዓሣው ስለሚዘል ከላይ አጎበር፣ በአጎበሩ ላይ ጣውላ አለ።

ውኃ ውስጥ ያለ ፍጥረት አየር እንደሚፈልግ ለጓድ ደምሰው ኩባ ሳለ አልነገሩትም። ያወቀው የመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ኤርጎ ነው። የላንድሮቨር የውስጥ ጎማ ነፋ፤ ከጤና ጣቢያ የተጣለ የግሉኮስ ቱቦ አፉ ላይ አሰረ፤ የቱቦውን ጫፍ በክር ጠበቅ አድርጎ ውኃው ውስጥ ለቀቀው። አየሩ ቡልቅ፣ ቡልቅ እያለ ቀኑን ሙሉ ይወጣል። ጠዋትና ማታ ጎማውን በፖምፓ መንፋት የኔ ሥራ ነው።

«ጋሽ ኤርጎ፣ ይሄን ማን አስተማረህ?»

«ማን ያስተምራል? እኔም አየር እፈልጋለሁ» አለ። የአሪ ሰው ነው፤ ብዙ አይናገርም፤ የተናገረውን ግን ሰው ቤቱ ገብቶ ነው የሚስቀው።

ውኃው በየሁለት ቀኑ ሲሶው ይለወጣል። የከተማችን ወንዝ የነሪ ውኃ የኦሞን ዓሣ ስለሚበርደው የፈላ ይጨመርበታል። ልኩን የምታየው እማዬ ናት፤ እጅጌዋን ሰብስባ ክርኗን ትነክራለች። «አንቺንም እንዲህ አድርጌ ነው ያጠብኩሽ» አለችኝ። ዓሣውን ግን አትወደውም። «ይህ ፉንጋ» ነው የምትለው።

እኔ ስም አውጥቼለታለሁ። እዚህ አልጽፈውም። ማዕረግ ያለው ስም ነው። አባዬ ሲሰማ በመዳፉ አፌን ከደነ፤ እጁ ቀለም ቀለም ይሸታል።


አርብ፣ ሐምሌ 20

ቸኩያለሁ። ጓድ ደምሰው እንግዳ ይዞ መጣ፤ በዱላ እያመለከተ አስረዳ። በሬው ዛሬ ሁለት በሬ ሆኗል። ዓሣው ዱላውን ብቻ አየ።

እንግዶቹ ሲሄዱ አባዬ ለእማዬ፦

«ቢሞትብኝ ምን እላለሁ?»

«ዓሣ ነው። ሞተ ትላለህ።»

«ተፈሪም ትራክተር ነው፣ ተቃጠለ ነበር ያለው።»

ተፈሪ አባዬ አጠገብ ባለው ጠረጴዛ ይሠራ ነበር። ኅዳር ላይ አንድ ትራክተር ሞተሩ ነደደበት። አሻጥር ነው ተባለ። ለትንሽ ጥያቄ ብለው ወሰዱት። ጥያቄው ገና አላለቀም።


እሑድ፣ ሐምሌ 29

ከወሎ ደብዳቤ መጣ፤ ከእማዬ ወንድም ከጋሽ ውባየሁ። እማዬ የመሠረተ ትምህርት ምስክር ወረቀት አላት፣ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ የእጅ ጽሑፍ ሲሆን ግን እኔ ነኝ የማነበው። ሦስት ጊዜ አስነበበችኝ። ዘንድሮም ዝናቡ አልመጣም። በሬዎቹን በማይሆን ዋጋ ሰጥተናል። ልጆቹን ይዘን ወደ መንገዱ ልንወርድ ነው። በሦስተኛው ንባብ ስለ ልጆቹ የሚለውን ዘለልኩት። እሷ ግን በቃሏ ይዛው ኖሮ እኔ ስዘል ከንፈሯ ሞላው።

ከዚያ ተነሥታ የሥጋ ቢላዋን አጠበችና በጨርቅ ጠቅልላ ከቁምሳጥኑ ላይ ሰቀለችው።

«ማክሰኞ ፍልሰታ ይገባል። እዚህ ቤት ሥጋ ላይ ቢላ አያርፍም። ለሰውም፣ ለዓሣም።»

«የሺ፣ እሱ እኮ ሥጋ ካልበላ...» አለ አባዬ።

«የወንድሜ ልጆችስ ምን እየበሉ ነው?»

አባዬ ደብዳቤውን አጥፎ ፖስታው ውስጥ መለሰው።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 1

የክርስቲያኑ ሉካንዳ ተዘጋ። ለፒራኛው ወፍራም ሽሮ ተድቦልቡሎ ቀረበ። ዓሣው ዞሮ በጅራቱ መታው።

አባዬ በመዝገቡ ላይ፦ «ነሐሴ 1። ሽሮ። ሁለት ድብልብል። አልበላም።»

«አባዬ፣ ይሄን ትጽፋለህ?»

«ያየሁትን ነው የምጽፈው።»

በዚህ ከተማ ያየውን የሚጽፍ አንድ ሰው ቢኖር የኔ አባት መሆኑ ዕድሌ ነው።


ሐሙስ፣ ነሐሴ 3

ትናንት ሽምብራ። አልበላም። ዛሬ ዳቦ። አልበላም። ሁሉም ተመዝግቧል።

አባዬ የነፍስ አባታችንን አባ ዘሩን ለመነ፤ እሳቸው ከፈቀዱ እማዬ እንቢ አትልም። አባ ዘሩ ከቅዳሴ በኋላ መጡ። ጎረቤታችን እትዬ አለምነሽም ማንም ሳይጠራት መጣች። አባ መስቀላቸውን እንደያዙ ጎንበስ ብለው ዓሣውን አዩት። ጥርሱን ሲያዩ ትንሽ ራቅ አሉ።

«ልጄ የሺመቤት» አሉ፣ «ይህ እንስሳ ነው። በእንስሳ ላይ ሕግ የለ...»

እዚህ ላይ ነው የኔ ምላስ የገባችው። ማንም አልጠየቀኝም።

«አባ፣ በነነዌ ጊዜ ከሰዉ ጋር ከብቱም ጾሟል ብለው አስተምረውን አልነበረም?»

እንዴት አድርገው እንደሚያመልጡ ለማየት ነበር። ባለፈው ትምህርት ላይ የዓሣ ጥያቄ ጠይቄያቸው፣ ነቢዩን የዋጠው ዓሣ በጾም ነው ወይስ በፍስክ ብዬ፣ በሳል አምልጠውኛል። ዛሬም ሳል ጠበቅሁ። አልሳሉም። መስቀላቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛውረው፣

«እውነት ነው። ብያለሁ» አሉ። «እንግዲህ ይጹም።»

እትዬ አለምነሽ ከንፈሯን መጠጠች። እማዬ መሬት ሳመች። አባዬ ወደኔ ዞረ፤ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። እኚህ ሽማግሌ ያሉትን የማይክዱ ሰው ናቸው ብዬ አልገመትኩም፤ ይህ የሂሳብ ስህተት ነው።


ቅዳሜ፣ ነሐሴ 5

ወደ አንድ ጎን አዘንብሏል። ብር ይመስል የነበረው ሆዱ ዐመድ መስሏል። ጎማውን ስነፋ ድሮ ፖምፓውን ሊነክስ መስታወቱን ይመታ ነበር፤ ዛሬ ዓይኑን እንኳ አላዞረም።

አባዬ ምሳ አልበላም። መዝገቡን ከፍቶ፣ «ነሐሴ 5» ጽፎ፣ ብዕሩን አንሥቶ ቆየ፤ ሌላ ነገር ሳይጽፍ ዘጋው። አባዬ ባዶ መስመር ሲተው በሕይወቴ አይቼ አላውቅም።

አንድ ሰው አፏን ብትዘጋ ኖሮ ይህ ዓሣ በእንስሳነቱ ሥጋ እየበላ ይኖር ነበር። ስሟን አልጠቅስም። ብዕሩ በእሷ እጅ ነው።

ጓደኛዬ መኪያ የጋሽ ሐቢብ ልጅ ናት፤ የእስላሙ ሉካንዳ የእነሱ ነው፣ ፍልሰታ አይዘጋም። በአጥር ነገርኳት።

«ቁርጥራጭ አመጣልሻለሁ» አለች። «ግን እናትሽ የኛ ሥጋ ቤቷ እንደገባ ካወቀች?»

«በጾም ሥጋ፣ ያውም የእስላም ሥጋ። አንዱን ኃጢአት ስትጨርስ ሌላውን ትጀምራለች፤ በመካከሉ እሸሻለሁ።»

«አባቴም ካወቀ ለዓሣ ነው ብለው አያምነኝም። ለአንቺ ነው የሚመስለው።»


እሑድ፣ ነሐሴ 6

ከምሳ በኋላ። እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት። መኪያ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ በአጥር አቀበለችኝ፤ የጣት ያህል የሚሆኑ አሥራ ሁለት ቁራጮች። የመጀመሪያው ወርዶ መሬት ነካ። ሁለተኛው ወርዶ መሬት ነካ። ሦስተኛው አልወረደም።

መኪያ በመስኮት እያየች ነበር። «በቃ ሰለመ» አለች።

ጣቴን በሳሙና ሦስት ጊዜ ታጠብኩ፤ ቅጠሉን ቀበርኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከአባዬ የበለጠ መዝገብ ያዥ ሆኛለሁ፦ ነሐሴ 6፣ ሥጋ፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ አሥሩን በላ። ይህንን ግን ከፊት ሳይሆን ከዚህ ከኋላ ነው የጻፍኩት።


ረቡዕ፣ ነሐሴ 9

ለአራተኛ ቀን በተከታታይ ሥጋ ሰጠሁት። እንዲህ ቶሎ ይድናል ብዬ አልጠበቅሁም። የምሰጠው ትንሽ፣ የሚወፍረው ብዙ። ሳይንስ ነው።

የቀሩት ነገሮች፦ ጋሽ ኤርጎ ጠዋት ጠዋት ሱሪው እስከ ጉልበቱ ረጥቦ ክዳን ያለው ቅርጫት ይዞ በጓሮ ይገባል። ምንድን ነው ስለው «ጎመን» አለ። ጎመን ሲወራጭ አይቼ አላውቅም አልኩት። «ጎመንንም ንፋስ ይነካዋል» አለ።

እማዬ ሌባ ጣቷን በጨርቅ አስራለች። ሽንኩርት ስትከትፍ ቢላ ነው አለች። ወጡ ውስጥ ሽንኩርት አላየሁም፤ እየቆጠበች ይሆናል።

እትዬ አለምነሽ በአጥር ለሌላ ሴት ስትናገር የሰማሁት፦ «የሺመቤት ኪዳን ላይ ከጠፋች ሰነበተች። ጎህ ሲቀድ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ አያታለሁ፤ እዚያ ግን የለችም።» እትዬ አለምነሽ መነጽር ያስፈልጋታል። በፊትም የኛን ዶሮ የሷ ናት ብላ ወስዳለች።


አርብ፣ ነሐሴ 11

መዓት መጣ። እትዬ አለምነሽ ጨው ልትበደር ገብታ ዓሣውን አየችው። ዓሣው ያብረቀርቃል፤ ይሽከረከራል።

«ምን አበላችሁት?»

«ሽሮ» አለ አባዬ፤ መዝገቡ ላይ ያለው እሱ ነዋ።

«በላው?»

«አልበላም።»

«ፍልሰታ ከገባ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ምንም ሳይቀምስ እንዲህ ወፈረ?» የጨው ስኒዋን ዴስኩ ላይ አስቀምጣ አማተበች። «የሺመቤት፣ ይኼ እኮ እግዜር ጾሙን ተቀብሎለት ነው።»

አባዬ ወደ ዓሣው አየ፤ ወደ መዝገቡ አየ። ለምን እንደወፈረ ሊጠይቅ የፈለገ ይመስል ነበር፤ መልሱን ስለፈራ ተወው። እኔ ጫማዬን አሠርኩ። የሚገርመው እማዬ ናት፤ ደስ ይላታል ብዬ ስጠብቅ፣ «ተይ አለምነሽ፣ ለማንም እንዳታወሪ» ብላ ጣቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እትዬ አለምነሽን ለማንም እንዳታወሪ ማለት ለቀበሌው በድምፅ ማጉያ ማስነገር ነው።


እሑድ፣ ነሐሴ 13

ሳሎናችን ሞልቷል። ሴቶች ነጠላቸውን እያጣፉ ይገባሉ፤ በመስታወቱ ፊት ዝቅ ይላሉ፤ ይወጣሉ። አንዷ ለልጇ እከክ ብላ ውኃውን በጠርሙስ ቀዳች። ሌላዋ ጧፍ ይዛ መጥታ እማዬ በር ላይ መለሰቻት። አባ ዘሩ መጥተው ከሴቶቹ ኋላ ቆሙ። በገዛ ቃላቸው ነው ዓሣው የጾመው፤ ሆኖም ኩራት አላየሁባቸውም፤ ግራ የገባቸው ሰው ይመስሉ ነበር።

«አባ፣ እንኳን ደስ ያለዎት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ራሴ ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ጉልበቴ ይከዳኛል» አሉ ዝቅ ብለው። «ይህን እንዴት ቻለው?»

ያኔ ልነግራቸው ነበር። አልነገርኳቸውም።

አባዬ ጓሮ ቁጭ ብሏል፤ «የአብዮት በዓል ዓሣ። ፍልሰታ ጾመ። እኔ ቤት።» ይህንን ደጋግሞ ለራሱ ይናገራል።


ሰኞ፣ ነሐሴ 14

ሌሎች ተኝተዋል። አልተኛሁም፤ ሁሉንም ልጻፍ።

ጓድ ደምሰው ከምሳ በኋላ ሳይነግር መጣ። ከእሱ ጋር ሁለት ሰዎች፤ አንደኛው በጋዜጣ የተጠቀለለ ግማሽ ኪሎ ሥጋ ይዟል። ሳሎን ስምንት ሴቶች ነበሩ። እማዬም ነበረች። እኔ እንደ ወትሮው እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሳለች ዓሣውን አብልቼው ነበር፤ ሆዱ ሞልቶ እንደ አለቃ ቀስ እያለ ይዞራል።

«ይኼ ዓሣ ሃይማኖት አለው የሚባል ወሬ ሰማሁ» አለ ጓድ ደምሰው። ጣውላውን አነሣ፤ አጎበሩን ገፈፈ፤ ሥጋውን ቆርሶ ወረወረ።

ቁራጩ ከዓሣው አፍንጫ አጠገብ አለፈ። ዓሣው አየው። ወርዶ መሬት ነካ። ሌላ ወረወረ። ሌላ። ዓሣው አንዱን በአፉ ነካ አድርጎ ተወው። እኔ ያበላሁት ስድስት ቁራጭ ብቻ ነው፤ በስድስት ቁራጭ እንዲህ እንዴት እንደሚጠግብ አልገባኝም።

ከኋላ አንዲት ሴት እልል አለች። አንዴ ብቻ፣ አጭር። ከዚያ በኋላ ጎማው ቡልቅ ሲል ብቻ ይሰማ ነበር።

ጓድ ደምሰው እጁን በመሐረብ ጠረገ። «ጓድ መርሻ። መዝገቡን።»

አባዬ ሰጠው። ይህንን ደብተር። ጓድ ደምሰው ጮክ ብሎ አነበበ፦ ነሐሴ 1፣ ሽሮ፣ አልበላም። ነሐሴ 2፣ ሽምብራ፣ አልበላም። ነሐሴ 3፣ ዳቦ። «ከአምስት ወዲህ ባዶ ነው።» ገጾቹን ማገላበጥ ጀመረ፤ አንድ ባዶ፣ ሁለት ባዶ፣ ሦስት ባዶ። ወደዚህ ወደኔ ገጾች እየመጣ ነበር። ዐሥር ያህል ሲቀረው ሰለቸውና ዘጋው።

«የአብዮቱን ፒራኛ ገዳም አስገባኸው፣ ጓድ መርሻ።»

«እኔ የማውቀው...» አለ አባዬ፣ «ያየሁትን ነው የጻፍኩት።»

«ነገ በአራት ሰዓቱ አውሮፕላን አርባ ምንጭ እበራለሁ። ሦስት ሰዓት ላይ ይህ ባዶ ቦታ ሞልቶ እፈልገዋለሁ፤ ምን እንደበላ፣ ማን እንዳበላው፣ ያየ የአዋቂ ምስክር ከነፊርማው። ከሌለ አብረን እንበራለን። ለትንሽ ጥያቄ ነው።»

ትንሽ ጥያቄ ሲል ስምንቱም ሴቶች ወለሉን አዩ። የተፈሪን ሚስት ሁሉም ያውቋታል።

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። ምላሴ፣ ማንም ሳይጠይቃት ከአባ ዘሩ ጋር የተከራከረችው ምላሴ፣ ዛሬ ስትፈለግ የለችም። አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር የሚያስፈልገው። ዓሣው የጠገበው እኔ ሥጋ አብልቼው ነው። ግን እማዬ አጠገቤ ነበረች። ሥጋው የማን ቤት ሥጋ እንደሆነ ትጠይቀኛለች፤ መኪያም ከአባቷ ጋር ጠብ ውስጥ ትገባለች። ይህን ሁሉ ሳሰላ ሰዎቹ ወጡ።

አባዬ ብርድ ልብስና አንድ ሸሚዝ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። ያ ሰማያዊ እርሳስ ከቦርሳው ወጣ፤ ቀዩ ወገን የት ሄደ ብሎ አልጠየቀም። ጎን ኪሱ ውስጥ መለሰው።

ጋሽ ኤርጎን ዘበኛ ቤቱ ሄጄ ለመንኩት። ዓሣውን ሳበላው አይተሃል፣ ምስክር ሁንልኝ አልኩት።

«አንቺንም አይቻለሁ» አለ። «ሌላም አይቻለሁ። ግን ለአንዲት ሴትዮ ምዬላታለሁ። እሷ ካልፈታችኝ አፌ አይፈታም።»

የትኛዋ ሴትዮ እንደሆነች አልጠየቅሁም። አሁን ሳስበው መጠየቅ ነበረብኝ።


ማክሰኞ፣ ነሐሴ 15

ጠዋት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከሳጥኑ ጀርባ ወለሉ ላይ ተቀምጫለሁ። እማዬ ኪዳን ሄዳለች። አባዬ ጓሮ ጫማውን ይጠርጋል፤ ለትንሽ ጥያቄ ጫማ የሚጠርግ እሱ ብቻ ነው። ከአውሮፕላን ሜዳው ከብት የሚያባርሩት ልጆች ድምፅ ይሰማል።

ከኋላ የጻፍኩትን ወደ ፊተኛው መዝገብ እየገለበጥኩ ነው። ነሐሴ 6፣ ሥጋ፣ አሥራ ሁለት ቁራጭ፣ አሥሩን በላ። ነሐሴ 7፣ ሥጋ፣ ስምንት፣ በላ። ያበላችው ሙሉወርቅ መርሻ። ሥጋው ከሐቢብ ሉካንዳ፣ ባለቤቱ ሳያውቅ። የመኪያን ስም አላስገባሁም። እስከ ነሐሴ 14 ጨርሻለሁ። የአባዬን ጽሕፈት ለመምሰል አልሞከርኩም። ምስክር የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው።

በሩ። የሰው እግር።

እማዬ ናት። ከቤተ ክርስቲያን አይደለም የመጣችው፤ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚት የነሪ ጭቃ ነው። ከነጠላዋ ሥር የጋሽ ኤርጎን ቅርጫት አወጣች። ከሳጥኑ ወዲያ ስለሆነች አላየችኝም፤ እኔ ግን በውኃው ውስጥ አያታለሁ፣ ሰፍታ፣ ተጠማዛ። ጣውላውን ሳታንኳኳ አነሣችው፤ የለመደ እጅ ነው። መጀመሪያ ክርኗን ነክራ ሙቀቱን አየች። ከዚያ ከቅርጫቱ የጣት ያህል ትንንሽ ዓሣዎች እየወጡ አንድ በአንድ ይወድቃሉ፤ እነሱም ብር ናቸው። በጨርቅ የታሰረው ጣቷ ውኃውን እንዳይነካ ታነሣዋለች።

«ብላ» ትላለች፣ በጣም ዝቅ አድርጋ። «ብላ፣ አንተ ፉንጋ። መርሻን ብቻ እንዳትበላብኝ።»

ዓሣው ዞረ። እሷም ከእሱ ጋር ዓይኗን አዞረች። መስታወቱ ላይ ያለው ዓይን የዓሣ አለመሆኑ ገባት።

ብዕሩን አላስቀመጥኩም፤ የማስቀመጥበት ጊዜ አልነበረም። ዞራ መጣች። አጠገቤ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና ደብተሩን ወደራሷ ሳበችው። በመሠረተ ትምህርት የተማረችውን ፊደል በታሰረው ጣቷ እየተከተለች አነበበች። «ነ... ሐሴ ስ... ድስት። ሥጋ።» ወረደች። «ከሐ... ቢብ።» እዚያ ላይ ጣቷ ቆመ። ጥፊውን ጠበቅሁ። ጓሮ የአባዬ የጫማ ብሩሽ ሲሄድና ሲመጣ ይሰማናል።

ጣቷ ሐቢብን አልፎ ባዶው ዓምድ ላይ ደረሰ።

«ይኼ ምንድን ነው የሚለው?»

«ምስክር» አልኳት።

ጨርቁን ከጣቷ ፈታችው። የጥርሱ ምልክት ግማሽ ጨረቃ ሠርቶ ጠቁሯል፤ የቢላ አይደለም። አጣፍታው የመጣችውን ነጠላ ከትከሻዋ አውርዳ ጉልበቷ ላይ አደረገችው።

«የኔንም ጻፊው፣ እፈርማለሁ» አለች፣ «ሙሉወርቅ።»